«እስኪ ጠንካራና ደካማ ጎንሽን ንገሪን»፦ በሥራ ኢንተርቪው ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንተርቪው ላይ ይህችን ጥያቄ ያህል ሰው የሚያስጨንቅ የለም። ዲግሪውን፣ ኮርሱን፣ ልምዱን አንድ በአንድ የዘረዘረ ሰው እዚህች ላይ ሲደርስ ጣሪያ ያያል። እኔ በጠረጴዛው በሁለቱም በኩል ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ሥራ ፈላጊ ሆኜ፣ ኋላ በሒሳብ ክፍል በኩል የቅጥር ኮሚቴ አባል ሆኜ። ዘመዱም ጎረቤቱም «ሰኞ ኢንተርቪው አለው፣ እስኪ አንድ ነገር በለው» እያለ ልጁን ይልክብኛል። የሚጠይቁኝ ደግሞ ሁሌም ያንኑ ነው። በስልክ ከምደጋግመው እዚህ ላስቀምጠው።

ቆይ፣ ለምን ይጠይቁናል? ማንም እውነቱን እንደማይናገር እያወቁ?

አንዳንዱ ጠያቂ የሚጠይቀው እሱም ሲቀጠር ስለተጠየቀ ነው። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይመጣለታል፣ ያነበዋል፣ አለቀ። እንዲህ ያለው ሰው ፊት ምንም ብትሉ ብዙ ለውጥ የለውም።

ነገሩ የገባው ጠያቂ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። በአስር ደቂቃ የማንንም ድክመት ቆፍሮ ማውጣት እንደማይችል ያውቃል። የሚያዳምጠው አወራራችሁን ነው። ይህ ሰው ራሱን ታዝቦ ያውቃል? ስለ ጥፋቱ ሲያወራ ሌላ ሰው ላይ ይለጥፋል ወይስ ራሱ ይሸከማል? ነገ አንድ ሰነድ ላይ ቢሳሳት መጥቶ ይነግረኛል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ይከታል?

ለዚህ ነው ዋናው ጥያቄ ሁሌም ሁለተኛው የሚሆነው፦ «እስኪ ምሳሌ ስጪን።»

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ነው የመጣችው። «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ የሥራ ጫና መቋቋም እችላለሁ» አለች ሳትተነፍስ። ማናችንም አልጻፍንም። ያን ቀን ከእሷ በፊት የገቡትም ይህንኑ ብለዋል። ሰብሳቢያችን ብዕሩን ሳያነሳ «እስኪ ጫና የነበረበትን አንድ ቀን ንገሪን» አላት። ዝም አለች። ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች። ለአፓረንት (ለሥራ ልምምድ) የተመደበችበት ድርጅት ውስጥ ቫት የሚያሳውቁበት የመጨረሻ ቀን ላይ መብራት ይጠፋል። ሌላው ሰው እስኪመጣ ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። እሷ ደረሰኞቹን ወለል ላይ ዘርግታ በቀንና በአቅራቢ ለየቻቸው። ድምሩን በስልኳ ካልኩሌተር ሠራች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ የቀረው ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ብቻ ነበር። ይህን ስትናገር የሦስታችንም ብዕር ይሮጥ ነበር። ልብ በሉ፣ «ጫና እችላለሁ» ስትል አንዲት ነጥብ አላገኘችም። ወለሉ ላይ የተዘረጉት ደረሰኞች ናቸው ያስቀጠሯት።

ራሴን ማመስገን ይከብደኛል። ጉራ አይመስልብኝም?

ይከብዳል። ያደግነው «ሌላ ያመስግንህ እንጂ አንተ ራስህን አታመስግን» እየተባልን ነው። ጨዋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ምንም አልሠራሁም» ይላል። ይህ ጨዋነት ለቅሶ ቤትና ሠርግ ላይ ያምራል። ኢንተርቪው ላይ ግን ኮሚቴው ቃል በቃል ወስዶት «ምንም አልሠራም» ብሎ ሊጽፍባችሁ ይችላል።

ጉራን ከወሬ የሚለየው ቅጽሉ ነው። «ጎበዝ ነኝ» ጉራ ነው። «የባንክ ሒሳብ ማስታረቁ በየወሩ ሦስት ቀን ይፈጅብን ነበር፤ ያልተወራረዱትን ቼኮች በየሳምንቱ መለየት ስጀምር በአንድ ቀን ማለቅ ጀመረ» ደግሞ ወሬ ነው። የሆነውን ነገራችሁ፣ በቃ። «ጎበዝ» የሚለውን ሰሚው ራሱ ይጨምርበታል። ይሉኝታ ከያዛችሁ ምስጋናውን ከሌላ አፍ አውጡት፦ «ደንበኛ ተቆጥቶ ሲመጣ አለቃዬ ወደ እኔ ነበር የሚልከው።»

አንድ ሌላ ልማድ አለን። «እኛ» ማለት። «ሲስተሙን ቀየርን፣ ክምችቱን አጣራን፣ ሪፖርቱን አደረስን።» ቤተሰባዊ ነው፣ ደስ ይላል። ጠያቂው ግን እናንተ ከዚያ ውስጥ የቱ ጋ እንደነበራችሁ አይገባውም። ቆጠራውን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ ወይስ ቡና ያመጣችሁት? አንድ ጊዜ «በቡድን ነው የሠራነው» በሉና ከዚያ ወዲያ «እኔ» በሉ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ።

የትኛውን ጠንካራ ጎን ልምረጥ?

የሥራ ማስታወቂያውን ድጋሚ አንብቡት። ጋዜጣ ላይም ይውጣ ቴሌግራም ላይ፣ አብዛኛው ሰው የሚያነበው ደመወዙንና የልምድ ዓመቱን ነው። መሀል ላይ ያለውን የሥራ ዝርዝር የሚያነብ ጥቂት ነው። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ከዚያ ሥራው ላይ ያለ ሰው ፈልጋችሁ «ይህ ሥራ ምኑ ነው የሚያማርረው?» በሉት። የባንክ ገንዘብ ከፋይን ብትጠይቁ ስለ ሰልፉ ይነግራችኋል። የወር ደመወዝ የሚወጣ ሰሞን ነው፣ ሲስተም ተቋርጧል፣ ሰው ይጮሃል። ማታ ደግሞ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ከመጣ ከኪስ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሥራ የምትቀርቡ ከሆነ ጠንካራ ጎናችሁ «የፈጠራ ችሎታ» ባይሆን ይሻላል። ሰው ሲጮህባችሁ እጃችሁ የማይፈጥን መሆኑ፣ እየተሰደባችሁም ብሩን ሁለቴ የምትቆጥሩ መሆኑ ነው የሚፈለገው። ይህን የሚያሳይ አንድ ቀን ከሕይወታችሁ ፈልጉ። የአክስታችሁ ሱቅ ውስጥም ቢሆን።

አንድ ሾፌር ደግሞ ጠንካራ ጎኑን ሲጠየቅ «ፈጣን ነኝ» አለ። ሳቅን፤ እሱ ግን ለምን እንደሳቅን አልገባውም። ለካ ማለት የፈለገው ሲጠሩት ቶሎ የሚደርስ መሆኑን ነው።

ስንት ልናገር?

ሁለት ጠንካራ፣ አንድ ደካማ። ሦስተኛውን ከጠየቋችሁ ትጨምራላችሁ።

ደካማ ጎኔን የእውነቴን ልናገር?

አዎ፣ ግን መርጣችሁ። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ኢንተርቪዬ ነው። የድርጅቱን ስም ተዉት። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛዋ «ደካማ ጎንህስ?» አለችኝ። እውነተኛ መሆን አለብኝ ብዬ አሰብኩና «ጠዋት መነሳት በጣም ይከብደኛል» አልኩ። እንዲያውም አስረዳሁ። እናቴ ውሃ እስክትረጭብኝ ድረስ እንደምተኛ ነገርኳቸው። ሴትየዋ ሳቀች፤ ስትስቅ የወደደችኝ መሰለኝ። «እኛ 2፡30 ነው የምንገባው» አለችና ወረቀቷን ገለበጠች። ስልክ ሳይደወልልኝ ወሩ አለቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ያን ቀን የሠራሁት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ማንም ስለ እንቅልፌ አልጠየቀኝም። የተጠየቅኩት ስለ ሥራዬ ነበር። ስለዚህ አንደኛ፣ ድክመቱ የሥራ ላይ ይሁን እንጂ የመኝታ ቤት አይሁን። ሁለተኛ፣ የሥራው እምብርት ላይ ያለውን አትንኩ። ለሒሳብ ሥራ መጥቶ «ቁጥር ላይ እሳሳታለሁ» የሚል፣ ለነርስነት መጥቶ «ደም ሳይ ያዞረኛል» የሚል አይቀጠርም፤ መቀጠርም የለበትም። ማርፈድ፣ ቁጣ፣ ከአለቃ ጋር አለመስማማት፣ እነዚህን ኢንተርቪው ላይ የሚሰማ ሰው ሌላ ነገር መስማት ያቆማል። (ቁጡ ከሆናችሁ ሥሩበት። ግን እዚያ ወንበር ላይ አይደለም።)

ከዚህ ውጭ ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት የሚያስፈራው አለ። ሥራ ለሌላ አካፍሎ መስጠት የማይችል፣ ሁሉንም ራሱ ካልነካካው የማያምን አለ። ኤክሴል ላይ ከድምር ያላለፈ አለ። የመስክ ሥራ የሚያቀላጥፍ፣ ሪፖርት ለመጻፍ ሲቀመጥ ግን ብዕሩ የሚደርቅበት አለ።

እኔ በብዛት የማየው፣ በራሴም የማውቀው ድክመት ይሉኝታ ነው። እምቢ ማለት አለመቻል። ይህንን በመልስ መልክ ላሳያችሁ፦

«ሰው ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት ይከብደኛል። ባለፈው መሥሪያ ቤቴ የሌላ ክፍል ሰዎች 'አንዴ ይህችን አስገባልኝ' ሲሉኝ እሺ እል ነበር። አንድ ወር ላይ የእነሱን ስሠራ የራሴ የክፍያ ሰነዶች ሁለት ቀን ዘገዩ፣ አለቃዬም ጠርታ ተቆጣችኝ። ትክክል ነበረች። ከዚያ ወዲህ የቀኑን ሥራዬን ማስታወሻ ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣለሁ። ሰው ሲመጣ እሱን አሳየውና 'ይህን ልጨርስና ከስምንት ሰዓት በኋላ ልሥራልህ?' እለዋለሁ። አሁንም የሚያመልጠኝ ቀን አለ፤ ግን የራሴ ሥራ አይዘገይም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት። «አሁን ሙሉ በሙሉ ተለውጫለሁ» የሚል ሰው ደካማ ጎኑን ሳይሆን የቀድሞ ታሪኩን ነው የነገረን። ደግሞም ማንም አያምነውም። ማስታወሻው ያሳምናል፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ የሚለው ያሳምናል።

«ደካማ ጎኔ ፐርፌክሽኒስት (ሥራው እንከን የለሽ ካልሆነ የማይረካ ሰው) መሆኔ ነው» ብልስ?

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ነው። ሁላችንም እናየዋለን። «ሥራ ስጀምር ምግብ እረሳለሁ»፣ «ለሥራዬ ከመጠን በላይ እጨነቃለሁ» የሚሉትም ዘመዶቹ ናቸው። «ደካማ ጎን የለኝም» ግን ከሁሉም ይብሳል።

በእውነት እንዲህ ያለ ጠባይ ካላችሁ ያስከፈላችሁን ተናገሩ። ሐሙስ ያለቀውን ሪፖርት የሰንጠረዡን ቀለም ስትቀያይሩ ሰኞ ካስረከባችሁ፣ እሱን ንገሩን። ያ ድክመት ነው። በቃሉ ግን አትጥሩት፤ ቃሉ ተበላሽቷል።

ደካማ ጎኔ አልታይህ አለኝ። እንዴት ላግኘው?

በ1955 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰዎች አንድ መስኮት መሰል ሥዕል ሠሩ። ከሁለቱ የመጀመሪያ ስም ቆራርጠው «ጆሃሪ» አሉት። አራት ክፍል አለው። ከአራቱ አንዱ፣ ሌላው ሰው የሚያውቀው እናንተ ግን ስለራሳችሁ የማታውቁት ነው። ድክመታችሁ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን ተቀምጣችሁ ብታስቡ አይመጣም። ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነው። ሐበሻን «ድክመቴ ምንድን ነው?» ብትሉት «ኧረ ምንም የለብህም፣ አንተማ!» ይላችኋል። ጥያቄውን ለውጡ፦ «አብረን ስንሠራ ምን አስቸግሬህ ነበር?» በሉት። ወይም የካምፓስ ጓደኛችሁን «ግሩፕ ወርክ ላይ በእኔ ምን ትስቁ ነበር?» በሉት። ሰው ድክመታችሁን በቁም ነገር አይነግራችሁም፤ በቀልድ ግን ስንቴ ነግሯችኋል! እኔን ጓደኞቼ «ነገ እንገናኝ ካለ ከነገ ወዲያ ነው» ይሉኝ ነበር። ስንት ዓመት አብሬ ስስቅ ኖርኩ።

ሌላው መንገድ ሁልጊዜ የምታቆዩትን ሥራ ማየት ነው። ከጠረጴዛችሁ ላይ ምንጊዜም መጨረሻ የሚነሳው ወረቀት የቱ ነው?

አዲስ ምሩቅ ነኝ፣ ዜሮ ዓመት። ምን ምሳሌ አለኝ?

ብዙ አላችሁ፤ ትንቁታላችሁ እንጂ። ሲኒየር ፕሮጀክታችሁን ውሰዱ። መረጃ ልትሰበስቡ የሄዳችሁበት ቢሮ ስንት ጊዜ «ነገ ተመለሱ» አላችሁ? በመጨረሻ እንዴት አገኛችሁት? ስምንት ሰው የተመደበበትን፣ ሁለት ሰው የሠራውን፣ ስምንት ሰው የፈረመበትን ግሩፕ ወርክ ውሰዱ። ከሁለቱ አንዱ ከነበራችሁ ሌሎቹን እንዴት እንዳመጣችኋቸው ወይም ለምን እንዳቃታችሁ ተናገሩ። የመውጫ ፈተናውን ውሰዱ። ከ2015 ጀምሮ ሁሉም ምሩቅ ስለሚፈተነው «አለፍኩ» ማለት ብቻውን ለየት አያደርጋችሁም። የአራት ዓመት ኮርስ በሁለት ወር ለመከለስ ያወጣችሁት ፕሮግራም ግን ወሬ አለው። ክረምት ላይ የሠራችሁት ሱቅ፣ ያስጠናችሁት የጎረቤት ልጅ፣ በክበብ ውስጥ የያዛችሁት ገንዘብ፣ ሁሉም ይሆናል።

አንድ የማትሉት ነገር፦ «ደካማ ጎኔ የሥራ ልምድ የለኝም» አትበሉ። ሲቪያችሁ ላይ አይተውታል። አይተው ነው የጠሯችሁ።

በእንግሊዝኛ ከሆነስ?

ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ አውሩት። በአማርኛ ያልጠራ ነገር በእንግሊዝኛ አይጠራም። ከዚያ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ አምጡት። የሚያምር ቃል አትፈልጉ። ቀኑን፣ ችግሩን፣ ያደረጋችሁትን፣ የሆነውን፣ በቃ።

ከኢንተርኔት የወረደ መልስ በቃል መያዝ ግን ይቅርባችሁ። አንድ ጠዋት ሦስት ልጆች በተከታታይ ገብተው ያንኑ መልስ፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል ነገሩን። ሦስተኛው ሲጀምር አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር በሹክሹክታ ቀድማ አለችው። እኔ ወረቀት አንስቼ ፊቴን ከለልኩ። ልጁ አሳዘነኝ፤ ምናልባት ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነበር።

መሀል ላይ ቃል ቢጠፋችሁ «ይህችን በአማርኛ ላስረዳ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሥራው ራሱ እንግሊዝኛ ላይ የቆመ ካልሆነ በቀር ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ስትንተባተቡ ከማየት ይሻላቸዋል።

መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባንክና ኤንጂኦ ልዩነት አላቸው?

አላቸው። መንግሥት ቤት ላይ ብዙ ጊዜ ኮሚቴው ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ከወረቀት ያነባል፣ ነጥብ ይሞላል። ፊታቸው አይፈታም፣ አይስቁም፣ «ምሳሌ ስጠን» ላይሉም ይችላሉ። አልወደዱኝም ብላችሁ አትደንግጡ። ምሳሌውን ሳትጠየቁ ራሳችሁ ጨምሩ።

ኤንጂኦና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ዘንድ ጥያቄው ልብሱን ቀይሮ ይመጣል። «ደካማ ጎንህ?» አይሉም፤ «ያልተሳካልህን ሥራ ንገረን፣ ከዚያስ ምን አደረግክ?» ይላሉ። መልሱን በአራት ደረጃ ነው የሚጠብቁት፦ ሁኔታው፣ የእናንተ ድርሻ፣ ያደረጋችሁት፣ ውጤቱ። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደላት «ስታር» የሚሉት እሱን ነው። ብዙ ሰው ሁኔታውን ሲተርክ ሰዓቱ ያልቅበታል። ሁኔታው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለቅ፤ ሰፊው ቦታ ያደረጋችሁት ላይ ይዋል።

ትንሽ የግል ድርጅት ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ነው የሚጠይቃችሁ፣ ስልኩን እያነሳ እየዘጋ። እሱ ነጥብ አይሞላም። አብሮ መዋል ይቻላል ወይ የሚለውን ነው የሚያየው። ጥያቄው ቡና እየተጠጣ፣ እንደ ጨዋታ ሊመጣ ይችላል፦ «የበፊቱ መሥሪያ ቤትህ ምን ይሉሃል?» ያው እሱ ነው። የድሮ አለቃችሁን ለማማት የተከፈተ በር አይምሰላችሁ።

ውጭ አገር ላለነውስ?

መልሱ ያው ነው፤ አቀራረባችሁ ግን ይለያል። አገር ቤት ትልቅ ሰው ሲያናግረን ዓይናችንን ሰበር እናደርጋለን፤ አክብሮት ነው። አሜሪካ ውስጥ ስለ ድክመታችሁ እያወራችሁ ዓይናችሁን ከሰበራችሁ አንድ ነገር የምትደብቁ ይመስላቸዋል። ድምፅ ዝቅ ማድረጉም እንደዚያው ነው። «እኛ» የሚለውንም እዚያ ጭራሽ አያልፉትም። አረጋውያንን ለመንከባከብ ሥራ የምታመለክቱ ደግሞ አያታችሁን ማስታመማችሁን እንደ ቤት ጣጣ አትቁጠሩት፤ ለዚያ ሥራ ከዚያ የሚቀርብ ምሳሌ አይገኝም።

ጀርመን ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። እዚያ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ከአሠሪው የጽሑፍ ምስክርነት የማግኘት መብት አለው። ከጠየቀም ጠባዩና አሠራሩ ይጻፍበታል። የምትናገሩት ከዚያ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን ይነበባል።

እርግዝናዬን ወይም ሕመሜን በደካማ ጎን ልጥቀስ?

አትጥቀሱ። ድክመት አይደሉምና። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት፣ በኤች አይ ቪ ምክንያት ሠራተኛን መለየት ይከለክላል። እንዲያም ሆኖ «አግብተሻል? ልጅ ልትወልጂ አስበሻል?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። መጣላት ካልፈለጋችሁ «ሥራዬን የሚያስተጓጉል ነገር የለም» ብላችሁ ወደ ሥራው መልሱት። ሥራውን ለመሥራት የተለየ መሣሪያ ወይም ሁኔታ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ያንን እንደ ጥያቄ አቅርቡት እንጂ እንደ ጉድለት አትናዘዙት።

ብዋሽስ?

ኢንተርቪውን ልታልፉ ትችላላችሁ። ከዚያ ግን የሙከራ ጊዜ አለ። በዚያው አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለህም ከተባላችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ ልትሰናበቱ ትችላላችሁ። «ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌሩን) አቀላጥፋለሁ» ያለ ልጅ ስንት ቀን ይደበቃል? እኛ ጋ የመጣው አንዱ እስከ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ነበር የቆየው።

ደግሞ አዲስ አበባ ሰፊ ትመስላለች እንጂ በአንድ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። እናንተ ከበሩ ሳትወጡ ከኮሚቴው አንዱ ለድሮ አለቃችሁ ይደውላል።

እዚያው ቁጭ ብዬ ሁሉም ነገር ቢጠፋብኝስ?

«አንድ ጊዜ ላስብበት» በሉ። ውሃ ካለ ጠጡ። ለእናንተ ዓመት የሚመስለው ዝምታ ለእኛ ወረቀት ማገላበጫ ነው።

እንዴት ልለማመድ?

ጮክ ብላችሁ። በልብ የተለማመዱት መልስ አፍ ላይ ሲደርስ ሌላ ይሆናል። የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ክፈቱና ለእያንዳንዱ መልስ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ሳትበልጡ ተናገሩ። ከዚያ አዳምጡት። «ያው»፣ «እንትን»፣ «ማለት ነው» ስንት ጊዜ እንዳላችሁ ቁጠሩ። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያስጠላል፣ የሌላ ሰው ይመስላል። በሁለተኛው ቀን ይለመዳል። በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን ጠያቂ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንድ ትእዛዝ ብቻ ስጧቸው፦ የፈለጋችሁትን ብትናገሩ «እስኪ ምሳሌ ስጠኝ» ይበሉ።